የጭስ ተጠሪው

ከጋላፊ ኬላ ወደ መሀል አገር የሚነሳ ሹፌር ከጭነቱ በፊት ይመዘናል። ጫማውን አውልቆ፣ ቀበቶውን ፈትቶ፣ ኪሱን አራግፎ ሚዛኑ ላይ ይወጣል። ጭነት ቢከብድ አይገርምም፤ ጭነት ነውና። ሹፌር ግን ከባለፈው ጉዞው ከብዶ ከመጣ ምክንያት ይጠየቃል።

ምንተስኖት ያን ዕለት ከብዶ ተገኘ።

"ምክንያት?" አለው ሚዛኑ።

"ምሳ።"

"አትመነው" አለ ከኋላው ጫማውን በእጁ አንጠልጥሎ ተራ የሚጠብቀው ቢሻው። "ቂም ነው። ይሄ ሰውዬ ዕድሜ ልኩን ቂም ሲያጠራቅም ነው የኖረው። ቂም ደግሞ ይከብዳል።"

ሚዛኑ ቂም የሚባል ምክንያት ስለማያውቅ "ምሳ" ብሎ ይዞ አሳለፈው።

ሹፌር የሚባሉት ከልማድ ነው እንጂ የሚነዳ የለም። መሪው ከተነሳ ቆይቷል፤ በቦታው የእግር ማሳረፊያ ተሠርቷል። በጭስ አዋጁ ላይ ያላቸው ስም "የጭስ ተጠሪ" ነው። መኪናዋ መቼ እንደምትፈጥን፣ መቼ ትንፋሿን እንደምትሰበስብ፣ የትኛው ኩርባ ላይ ምን ያህል ናፍታ እንደምትቀምስ ራሷ ታውቃለች። ድሮ አንድ መኪና ለአንድ ዳገት በሚጨርሰው ናፍታ እሷ ግማሽ አገር ታቋርጣለች። ያም ሆኖ ትንሽ ጭስ መውጣቱ አይቀርም፤ አዋጁ ደግሞ ባለቤት የሌለው ጭስ አይወጣም ይላል።

ማንኛውም ሰው ሲወለድ የዕድሜ ልክ የጭስ ድርሻ ይሰጠዋል። ምድጃ ሲለኩስ፣ አውቶቡስ ሲሳፈር፣ ታሞ ሐኪም ቤት ሲወሰድ ከድርሻው ይቀነሳል። ለታቀደ ጉዞ ድርጅቱ የተፈቀደለት ጭስ አለው። ከዚያ ያለፈው ግን የአንድ ሰው ስም ይፈልጋል። ምንተስኖት ጋቢና ውስጥ የሚቀመጠው ለዚህ ነው። ሥራው ስም መሆን ነው።

ጋቢናው ውስጥ ብዙ ነገር የለም። ስፖኪዮ ንፋስ ይይዛል ተብሎ ተነቅሏል። መስኮቱ የሚከፈተው የመዳፍ ስፋት ያህል ነው። መዝፈን አይከለከልም፤ አይበረታታምም። የሚበረታታው መተኛት ነው። የተኛ ሰው ትንፋሹ ዝግ ይላል፤ ማቀዝቀዣውም ያርፋል። ብዙዎቹ ከኬላ እስከ አዳማ ተኝተው ይሄዳሉ፤ ሲደርሱ መኪናዋ ስማቸውን ጠርታ ትቀሰቅሳቸዋለች። ምንተስኖት አይተኛም። እንቅልፍ አጥቶ አይደለም፤ ተኛ ስለተባለ ነው።

ከወንበሩ ጀርባ ያለችው ጠባብ አልጋ ቤቱ ናት። ሚስቱ ከሞተች በኋላ አዳማ ያለው ቤት የልጁና የልጁ ሚስት ሆነ። ማንም ውጣ አላለውም፤ ብቻ አንድ ቀን ሲመጣ ሶፋው ላይ የእሱ ብርድ ልብስ ታጥፎ በከረጢት ተቀምጦ አገኘው። ከረጢቱን አንስቶ ወጣ። ልጁ ደውሎ "አባዬ፣ ምን ሆንክ?" ሲለው "ምንም" አለው። ከዚያ ወዲህ መኪናዋ ግቢ ስትቆም እዚያው ያድራል። ድርጅቱ ዝም ብሎታል፤ ወንበሩ እስካለ ድረስ አልጋዋም አለች። ወንበሩ ከተነሳ ግን አልጋዋ አብራ ትነሳለች፤ ሁለቱም በአንድ ረድፍ ብሎኖች ነው የታሰሩት።

ከዚህ በፊት ሁለት መቆም በስሙ ተይዟል። አንዱ ለግመል ነው። ሌላው፣ ደረቱን ወግቶት የአደጋ ማቆሚያውን ቀይ መያዣ የሳበ ጊዜ ነው። ሦስተኛ ከተያዘበት ወንበሩ እንደሚነሳ በጨዋ ቋንቋ ተነግሮታል።

"አባባ ምንተስኖት" ብላው ነበር የስምሪት ክፍሏ ሕሊና፤ "እንዲያው ለእርስዎም ዕረፍት ነው እኮ።"

አባባ መባል አይወድም። ዕረፍት መባልንም አይወድም። እሷን ግን በግል አልጠላትም፤ የተማሩትን ሁሉ በጅምላ ስለሚጠላ ለአንድ ሰው ብቻ የሚተርፍ አልነበረውም።

ነገሩ የተጀመረው በወጣትነቱ፣ መኪና በእጅና በእግር በሚነዳበት ዘመን ነው። ያኔ ቁልቁለት ሲያገኝ ማርሽ አውጥቶ በፎሌ ይለቅ ነበር። መኪናው በራሱ ክብደት ይወርዳል፣ ሞተሩ ናፍታ አይነካም። አንድ ቀን የድርጅቱ ኢንጂነር ደረሰበት። ጋራዡ ሙሉ ሰው እያየ "አንተ ለመኪና አልተፈጠርክም፤ ሂድ ጋሪ ንዳ" አለው። ከሥራ ታገደ። ከብዙ ዓመት በኋላ ያው ኢንጂነር ቁልቁለት ላይ ራሱን በራሱ ፎሌ የሚያስገባ ሞተር ሠራና ተሸለመ። አሁን ፎቶው አዳማ ግቢ ካፍቴሪያ ውስጥ ተሰቅሏል። ምንተስኖት ሻይ የሚጠጣው ለፎቶው ጀርባውን ሰጥቶ ነው።

"አንተ እኮ የተረፈውን ናፍታ ሎጊያ ላይ ትሸጠው ነበር" ይለዋል ቢሻው፣ ወሬው በተነሳ ቁጥር።

"እሱስ መቼ በነጻ ሰጠው?"

ያን ዕለት ምንተስኖት ንፋስ በሊታ፣ ማለትም ፊት መሪ፣ ነበር። መኪኖቹ የሚሄዱት አፍና ጅራታቸው ሊነካካ ምንም ሳይቀረው፣ ሰንሰለት ሠርተው ነው፤ የፊተኛዋ ንፋሱን ትሰነጥቃለች፣ የኋለኞቹ በጥላዋ ይንሸራተታሉ። ፊት መሆን በተራ ነው ይባላል። ተራው ግን ምንተስኖት ላይ ቶሎ ቶሎ ይደርሳል። ኋላ ሲሆን የሚታየው የቢሻው መኪና የኋላ በር ብቻ ነው፤ የገዛ ሚስቱን ፊት እንኳ ያን ያህል አላየውም። ፊት ሲሆን ግን መንገዱ ይታየዋል።

መንገዱ ላይ ሁመድ ነበረ።

በዚያ በረሃ ከጥንት የቆየ ልማድ አለ። ውሃ ያለቀበት ሰው ባዶ ጀሪካኑን አፉን ወደ መሬት ደፍቶ አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ያቆመዋል። የተደፋ ጀሪካን ያየ ሹፌር ይቆማል፤ ካለው ላይ ይቀዳል። ለምን፣ እንዴት አይባልም። ከዚያ ጥቂት ይቀመጡና ዳጉ ይባባላሉ። ዳጉ የአፋሮች የወሬ ልውውጥ ነው፤ ከየት እንደመጣህ፣ በመንገድ ያየኸውንና የሰማኸውን አንድ ሳታስቀር ትናገራለህ። ዳጉ ላይ አይዋሽም። በዳጉ የዋሸ ሰው ሌላ ጊዜ የሚሰማው የለም።

መኪኖቹ መቆም ሲያቆሙ ልማዱ በሌላ መንገድ ቀጠለ። ከሚሌ በፊት ያለውን ረጅም ዳገት ሹፌሮቹ የሁመድ ዳገት ይሉታል። መኪናዋ እዚያ ስትደርስ የሰው እርምጃ ያህል ትዘገይ ነበር። ምንተስኖት በሩን ገርበብ አድርጎ ሙሉ ጀሪካን በገመድ ያወርዳል፤ ሁመድ ከጎን እየሮጠ ይፈታውና ባዶውን ያስርለታል። ውሃው የመኪናዋ ነው። ከጭሷ ውስጥ ውሃ ታጣራለች፤ ሞተሯም መልሶ ይጠጣዋል። ምንተስኖት ከሆዷ በቱቦ ይቀዳል። ስርቆት ነው የሚለው የለም፤ የሚያውቅ የለምና። ዳጉውም ያው በሩጫ ነበር፤ ሁመድ እያለከለከ "ዝናብ የለም። ሴት ልጄ ወለደች" ይላል፤ ምንተስኖት "ጅቡቲ ሙቀት ነው። ወንበሬ አለ" ይላል። ከምንተስኖት ጋር ሳይጨቃጨቅ የሚያወራ ሰው ቢኖር ሁመድ ነው፤ ጊዜም አይበቃቸው።

ከዚያ አዲሱ ሞተር መጣ። አዲሱ ሞተር ዳገት አይዘገይም። ዳገቱን ከሩቅ አይቶ ሜዳው ላይ ፍጥነት ያጠራቅምና ሳይናነቅ ይወጣዋል። ቆጣቢ ነው ተባለ፤ እውነትም ቆጣቢ ነው። ምንተስኖት ለተከታታይ ጉዞ ጀሪካኑን ጉልበቱ ላይ እንዳቀፈ አለፈ። ሁመድ ትንሽ ይሮጥና ይቀራል። አንድ ቀን ወረወረለት። ጀሪካኑ አስፋልት ላይ ፈነዳ።

ያን ዕለት ጀሪካኑ ጠርዝ ላይ አልነበረም። የአስፋልቱ መሀል ላይ ተደፍቶ ቆሟል። ሁመድ አንድ እርምጃ ራቅ ብሎ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ቆሟል።

"መንገድ ላይ ዕቃ አለ" አለች መኪናዋ በረጋ ድምፅ። "አስጊ አይደለም። ከመስመር ውጪ ሰው አለ። አስጊ አይደለም።"

ፍጥነት መጨመሯን ምንተስኖት በወገቡ አወቀው። ሁመድ ቀና ብሎ አየ። እንደማትቆም የገባው ይመስላል፤ ሆኖም ያለችው ጀሪካን አንድ ናት። ሊያነሳት ጎንበስ አለ።

የምንተስኖት እግር መጀመሪያ የሄደው ድሮ ፍሬን ወደነበረበት ነው። የእግር ማሳረፊያውን ረገጠው፤ ምንም አልሆነም። ከዚያ እጁ ተነሳና ቀዩን መያዣ ሳበ። ስለ ወንበሩ ያሰበው መያዣው በእጁ ላይ ከቀረ በኋላ ነው።

ሰንሰለቱ በሙሉ ቆመ። አቋቋሙ ያምራል፤ አንዷ ሌላዋን አልነካችም።

"ምንቴ" አለ ቢሻው በሬዲዮ፣ ድምፁ ገና ከእንቅልፍ ሳይላቀቅ። "ወንበርህን ከነብሎኑ ሸጥከው ማለት ነው?"

ምንተስኖት በሩን ከፈተ። ሙቀቱ ፊቱን መታው። ሁመድ ጀሪካኑን አቅፎ ከበሩ ሥር መጥቶ ቆመ። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል።

"ቆምክ" አለ ሁመድ።

"ቆምኩ።"

"አባባ ምንተስኖት" አለች ሕሊና በጋቢናው ሬዲዮ። "ሰንሰለቱ ቆሟል።"

"አውቃለሁ።"

"መቆሙ በማን ስም ይያዝ?"

ጥያቄው የወግ ነው። ካልተጠየቀ አይሆንም ተብሎ ይጠየቃል እንጂ መልሱ አንድ ነው፤ በኔ። ምንተስኖት አፉን ከፈተ። አልጋዋ ላይ ያለው ብርድ ልብስ በዓይኑ ጠርዝ ታየው። በሕይወቱ የተያዘበትን ሁሉ አሰበ። ለግመሉ በኔ። ለደረቴ በኔ። ለፎሌውም በኔ፣ ሽልማቱ ግን በኢንጂነሩ። አንድ ቀን እንኳ በሌላ ሰው ተይዞ አያውቅም።

"በሱ" አለ።

"በማን?"

"ባስቆመኝ ሰውዬ። ለምን በኔ ይሆናል? እሱስ ሲወለድ ድርሻ አልተሰጠውም? አንድ ቀን ሞተር አስነስቶ አያውቅም። ድርሻው እንዳለ ነው።"

ከሕሊና በስተጀርባ ሌላ ሰው ሲያናግራት ተሰማ። ስትመለስ ድምፏ ተለውጦ ነበር።

"ስሙን ይጠይቁልኝ እስቲ። ፊቱንም ወደ መኪናዋ ዓይን ያዙርልኝ።"

ምንተስኖት ወደ ታች ጎንበስ አለ። "ሙሉ ስምህ ማን ነው?"

"ስሜን ታውቀዋለህ።"

"ከነአባትህ።"

"ሁመድ ገአስ። ለምንድን ነው?"

"ከቢሮ ናቸው። ሰላም ሊሉህ ነው።"

ሁመድ አሰበ። ከዚያ ወደ ተጠቆመው ጥቁር መስታወት ዞረ፤ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ራሱን ዝቅ አደረገ። "ሰላም በላቸው" አለ። "ዳጉውን ደግሞ ንገረኝ። ዛሬ ቆመሃል።"

"ጅቡቲ ሙቀት ነው" አለ ምንተስኖት ጀሪካኑን እየሞላ። "ሌላ ምንም የለም።"

"ሌላ ምንም የለም?"

"የለም።"

መኪናዋ ተንቀሳቀሰች። ቢሻው እስከ ሚሌ አላወራም፤ ለእሱ ይህ ብዙ ነው። ሚሌ ሲደርሱ ግን "ምን ይወስዱበታል?" ብሎ ጠየቀ።

"ምን አለው የሚወስዱበት? ሞተር የለው፣ ምድጃው እንጨት ነው፣ አውቶቡስ አይሳፈር።"

"እሱስ ልክ ነህ" አለ ቢሻው። ያለው ነገር ልክ ያልመሰለው ሰው አባባል ነበር።

አዳማ ግቢ ሕሊና በር ላይ ጠበቀችው። ቢሮ ወስዳ ወንበር ሰጠችው፤ የሚሽከረከር ወንበር። ሻይ መጣለት። አለቃዋ፣ ክራቫት ያሰረ ለስላሳ ሰው፣ ተነስቶ ጨበጠው። ምንተስኖት ቢሮ ውስጥ የተማረ ሰው ተነስቶለት አያውቅም ነበር።

"አባባ፣ ይህ እኛ ያላሰብነው ነገር ነው" አለ አለቃው። "ስንት ሰው ድርሻውን ሳይነካ ተቀምጧል! ስንት ዓመት ለአንዲት መኪና ጭስ ስንለምን ከርመናል። ለመሆኑ እንደዚህ ሰውዬ ያሉ በመንገዱ ላይ ሌሎች አሉ?"

"አሉ" አለ ምንተስኖት፤ ወንበሩን ትንሽ አሽከረከረው።

"ያውቋቸዋል?"

ያውቃቸው ነበር። የሁመድን ወንድም፣ ሰርዶ አጠገብ የምትቆመውን መዲናን፣ ሁለት ሚስት ያለውን አንካሳ ሽማግሌ፣ ሁሉንም በስማቸውና በቆሙበት ድንጋይ ነገራቸው። እየተናገረ ልቡ ሞቀ። ሲጨርስ ሕሊና "እርስዎ ባይኖሩ ማን ይነግረን ነበር?" አለችው። ወጥቶ ካፍቴሪያው ሲገባ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ፎቶውን ፊት ለፊት አይቶ ሻዩን ጠጣ።

ከዚያ ወዲያ የሆነው በችኮላ አልሆነም። መጀመሪያ ነጭ ሸሚዝ የለበሱ ልጆች ሄደው በረሃው ላይ ያሉትን ሰዎች ፊት ቀረጹ። ለእያንዳንዱ መፈረም የማያስፈልገው ስምምነት ተነበበለት። ውሃ ይሰጣችኋል ተባሉ፤ መኪናዋ በየጉዞዋ ትቆማለች፣ ሆዷን ትከፍትላቸዋለች። አዋጁም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፤ ተጠሪ የሆነ ሰው በእያንዳንዱ ጉዞ አንድ ጊዜ ፊቱን ለመኪናዋ ማሳየት አለበት። የመቆሙ ጭስ በማን ስም እንደሚያዝ አሁን ስለሚታወቅ ሞተሩ አልተቃወመም።

ቀጥሎ የመኪኖቹ ቁጥር በዛ። ቀጥሎ ወንበር መነሳት ተጀመረ። ተጠሪው መንገድ ዳር ካለ፣ ጋቢና ውስጥ ያለው ሰው ክብደት ብቻ ነው። ቢሻው ቀድሞ ተነሳ። የመጨረሻ ጉዞው ላይ ኋላ ኋላ እየሄደ በሬዲዮ አወራ።

"ባለቤቴ ደስ ብሏታል። ጓሮ ላይ ጎመን ትተክልልኛለህ ብላኛለች።"

"ጎመን ጥሩ ነው" አለ ምንተስኖት።

"ምንቴ፣ የነዚያን ሰዎች ስም ማን ነገራቸው ይመስልሃል?"

መንገዱ ቀጥ ያለ ነበር።

"ማን ያውቃል" አለ ምንተስኖት።

"እኔም እንደዚያው ነው ያልኩት" አለ ቢሻው። "ማን ያውቃል፣ የተማረ ሰው ይሆናል አልኩ።" ከዚያ ሳቀና ተኛ። ሲተኛ ትንፋሹ በሬዲዮው ይሰማ ነበር፤ ዝግ ያለ፣ ቆጣቢ ትንፋሽ።

ምንተስኖት ወንበሩ የቆየለት ለውለታው ይመስለው ነበር። ሕሊና ስታገኘው ፈገግ ትላለች። አንድ ቀን ጠይቋት "የእርስዎ ወንበር በተጠሪው ፈቃድ ይቀጥላል" አለችው። ፈቃድ የተባለው የድርጅቱ መስሎት ረካ። ለረጅም ዘመን ተጠሪው ራሱ መሆኑን ስለለመደ፣ አሁን ተጠሪው ሌላ ሰው መሆኑ አልመጣለትም።

ብዙም ሳይቆይ ከጋላፊ ሲነሳ ሚዛኑ ስለ ክብደቱ አልጠየቀውም። ተመዝኖ ወረደ። ምክንያት የለም፣ ምሳ የለም። ይህን እንደ ክብር ቆጠረው።

የሁመድ ዳገት ሥር ስትደርስ መኪናዋ ማንም ሳይነካት ዝግ አለች፣ ቆመች። ሁመድ ከአንዲት ግራር ጥላ ተነስቶ በዝግታ መጣ። አልሮጠም። ጥቁሩን መስታወት አየው፤ መኪናዋ ሆዷን ከፈተች፤ ጀሪካኑ ይሞላ ጀመር። አንድ አልነበረም፤ አምስት ስድስት ጀሪካን ተደርድሯል። ምንተስኖት በሩን ከፍቶ እግሩን አንጠለጠለ።

"ደህና ነህ ወይ ሁመድ?"

"ደህና ነኝ። አንተ ደህና ነህ?"

"ደህና ነኝ። ውሃ በዛልህ።"

"በዛ" አለ ሁመድ። "የሐኪሟ መኪና ግን መምጣት አቆመች። በየጨረቃው ትመጣ ነበር። የልጄ ልጅ ዓይኑ ታሟል፤ ብንጠራት፣ ድርሻችሁ ሞልቷል፣ የምትመጣበት ጭስ የላችሁም አሉን። እኔ ጭስ አላጨስኩም አልኳቸው። አጭሰሃል፣ ስምህ ተይዟል አሉኝ።"

ምንተስኖት ጫማውን አየ።

በዚያን ጊዜ መኪናዋ ተናገረች። በአማርኛ አልነበረም፤ በአፋርኛ ነበር፤ ለሁመድ። ድምፁ ያው የረጋው ድምፅ ነው። ሁመድ አዳመጠ። ጀሪካኑን ከደነና ቀና ብሎ ምንተስኖትን አየው፤ ሰው ዕቃ ሲመዝን እንደሚያየው ዓይነት።

"ምን አለችህ?" አለ ምንተስኖት።

"ጋቢና ውስጥ ክብደት አለ አለችኝ። ይቀጥል ወይ? አለችኝ።"

"እና?"

"ክብደቱ በኔ ነው የሚያዘው። በየጉዞው። ቢወርድ፣ ድርሻህ ትንሽ ትንሽ ይመለሳል አለች።" በአገጩ ወደ በረሃው ጠቆመ። "ዓመት ስንት ጉዞ አለህ?"

"ብዙ ነው።"

"ሐኪሟን ያመጣል?"

ምንተስኖት ይህን የሚያሰላበት ትምህርት አልነበረውም። ወደኋላ ዞሮ አልጋዋን አየ። ብርድ ልብሱ ታጥፏል፤ ራሱ ነው ያጠፈው። "ሁመድ፣ ስማኝ" አለ። "ቤት የለኝም። ቤቴ ይህች ናት። ስንት ዓመት ውሃ አውርጄልሃለሁ?"

"ብዙ ዓመት" አለ ሁመድ። ክፋትም ቁጣም በፊቱ ላይ አልነበረም። "ብዙ ዓመት አውርደሃል። ስሜንም ወስደሃል። ሰላም ሊሉህ ነው አልከኝ። እኔ ቆሜ ሰላም አልኳቸው።"

መኪናዋ ጥያቄዋን ደገመች። ሳትቸኩል ነው የደገመችው።

ሁመድ መልስ ሰጠ። አጭር ነበር። ከዚያ እጁን ወደ ላይ ዘረጋ፤ ሽማግሌ ከበቅሎ ሲያወርዱ እንደሚዘረጋ። "ውረድ" አለ። "ከረጢትህን ያዝ። ግራሩ ጥላ አለው። የምትነግረኝ ዳጉ ይቀርሃል።"

ምንተስኖት ወረደ። ከጀርባው ብሎኖቹ በየተራ ሲላቀቁ ሰማ፤ ተክ፣ ተክ፣ ተክ። ወንበሩና አልጋዋ በአንድነት አስፋልቱ ዳር ተንሸራተው ወረዱ፤ የብርድ ልብሱ እጥፋት እንኳ አልተፈታም። መኪናዋ ቀልላ ተነሳች። ሌሎቹ ተከተሏት። ሰንሰለቱን ከውጭ ሆኖ አይቶት አያውቅም ነበር። ድምፅ የለውም። ጭስም አይታይም። በመስኮቶቹ ውስጥ ሰው የለም። የዳገቱ ጫፍ ላይ ሲደርሱ ሞተሮቹ ተራ በተራ ጸጥ አሉና ቁልቁለቱን በፎሌ ለቀቁት።

ሁለቱ ወንበሩን ተሸክመው ግራሩ ሥር አስቀመጡት። ሁመድ መሬት ላይ ተቀመጠ፤ ምንተስኖት ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፣ አልተመቸውም፣ ወርዶ መሬት ላይ ሆነ። ሁመድ ውሃ ቀድቶ ሰጠው። ውሃው የብረት ጣዕም ነበረው። ያን ሁሉ ዘመን ሲያወርድ ቀምሶት አያውቅም።

"ከመጀመሪያው ንገረኝ" አለ ሁመድ። "ምንም አታስቀር።"

ምንተስኖት ከኢንጂነሩ ጀመረ። ጋራዡን፣ የተሰበሰበውን ሰው፣ ጋሪ ንዳ መባሉን ተናገረ። ሽልማቱን፣ ፎቶውን ተናገረ። ሎጊያ ላይ የሸጠውን ናፍታ መጀመሪያ ዘለለው፤ ከዚያ ተመልሶ እሱንም ተናገረ። ሁመድ ዱላውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ፣ መካከል ላይ ሳይገባ ያዳምጣል። ፀሐይዋ ጥላውን እየገፋች አለፈች፤ እነሱም ከጥላው ጋር ፈቀቅ አሉ። ወሬው የሚሽከረከረው ወንበር ጋ ሲደርስ ሌላ ሰንሰለት ከሩቅ ታየ።

ምንተስኖት ወሬውን አቋረጠ። ምን እንደነካው አያውቅም፤ ባዶ ጀሪካን አንስቶ ወደ አስፋልቱ ሄደ። መሀሉ ላይ አፉን ወደ መሬት ደፍቶ አቆመው፤ ራቅ ብሎም ቆመ።

ሁመድ ከጥላው ሳይነሳ ተጣራ።

"አንሳው" አለ። "ይሰብሩታል። ጀሪካን አያዩም። አሁን ስሜን ነው የሚያውቁት።"

ምንተስኖት ጀሪካኑን አንስቶ ተመለሰ። መኪናዋ እንደተባለው ቆመች፣ የሁመድን ስም ጠራች፣ ሆዷን ከፈተች። ስለ ምንተስኖት ምንም አላለችም።

"እሺ" አለ ሁመድ ጀሪካኑን እየተቀበለው። "የሚሽከረከረው ወንበር ላይ ተቀምጠህ የማንን ስም ሰጠሃቸው?"